ፊንታን አልበርም ያለ ቀን

በካሪግሞር ካፒቴን ፊንታን ገራቲን የማያውቅ ሰው የለም። አባቱ የከብት ሐኪም ነበሩ፤ ዝናብ በረዶ ሳይሉ ከአንዱ በረት ወደ ሌላው ሲዞሩ ነው ዕድሜያቸውን የጨረሱት። እሱ ደግሞ በወጣትነቱ የአውራጃው ቡድን በረኛ ነበር። በእኛ አገር ሰው አንዴ በረኛ ከሆነ እስኪሞት በረኛ ነው፤ ያዳነው ኳስ ይረሳል፣ የገባበት ጎል ግን ከአባት ወደ ልጅ ይወረሳል።

እኔ ግራንያ እባላለሁ። የበረራ አስተናጋጆች አለቃ ሆኜ ከፊንታን ጋር ለዓመታት በርሬያለሁ። ሳቂታ ሰው ነበር። ተሳፋሪው ገብቶ ሳያልቅ በድምፅ ማጉያው፣ “ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ነፋሱ ከኋላችን ነው፤ እንግሊዝ ሳንፈልገው እንደርሳለን” ሲል ከፊት እስከ ኋላ ያለው ሁሉ ይስቅ ነበር። ያ ቀልድ መቼ እንደቀረ አላስተዋልኩም። አንድ ቀን ብቻ ከቀረ መቆየቱን አወቅሁ።

ድርጅታችን ርካሽ ቲኬት ከሚሸጡት አየር መንገዶች አንዱ ነው። አውሮፕላኖቹ በሙሉ አንድ ዓይነት ናቸው፤ ሞተሩ፣ ወንበሩ፣ ጓዳው፣ ሽታው ሳይቀር። ከአንዱ ወርደሽ ሌላው ላይ ስትወጪ የተለወጠው ጭራው ላይ የተጻፈው ፊደል ብቻ ነው። ይህ የታሰበበት ነገር ነው፤ የትኛውም አብራሪ የትኛውንም አውሮፕላን ከየትኛውም ከተማ ማስነሣት ይችላል። ትልቁ መናኸሪያችን ከለንደን በስተሰሜን ነው። ማለዳ ላይ ስታዪው ቢጫው ጭራ እንዳበበ የጎመንዘር ማሳ ተዘርግቶ ይታያል። የእኛዋ ካሪግሞር ግን ከባሕሩ ማዶ፣ ከደብሊን በስተምዕራብ፣ ረግረግ መሀል ባለ ኮረብታ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ጣቢያ ናት። ሦስት አውሮፕላኖች ብቻ ነበሩ የሚያድሩባት። ገና ጎህ ሳይቀድ ይወጣሉ፣ እንግሊዝንና አውሮፓን ሲያዳርሱ ይውላሉ፣ ሲመሽ ይመለሳሉ። “መሬት ላይ የቆመ አውሮፕላን እየበላች እንደማትታለብ ላም ነው” ይሉን ነበር አለቆቻችን። እኛም ላሚቱ ቆማ እንዳትገኝ ስንሮጥ እንውላለን፤ ተሳፋሪው በኋላ በር ሳይወርድ አዲሱ በፊት በር እየገባ፣ እኛ መሀል ላይ ቆሻሻ እየለቀምን።

በዚያ ዓመት ከትልቁ መናኸሪያ ብዙ አውሮፕላኖች ለሞተር ጥገና ከሥራ ወጡ። አውሮፕላኑ ሲቀነስ በረራው አልተቀነሰም። የጎደለውን እንድንሞላ የተደረግነው እኛ ነን። በእረፍት ቀን ስልክ ይደወላል፤ ያላነሣ ሰው ስሙ ይያዛል። አንድ ቀን ቤቴ ገብቼ ማቀዝቀዣውን ከፈትኩና ምን ልወስድ እንደመጣሁ ጠፍቶኝ፣ ብርዱ እግሬ ላይ እስኪፈስ ቆሜ ቀረሁ። ረዳት አብራሪው ማንታስ፣ ከሊቱዌኒያ የመጣ ጭምት ልጅ፣ ወደ አውሮፕላኑ ስንሄድ፣ “ግራንያ፣ አሁን የምንሄደው ወደ የት ነው?” ብሎ ጠየቀኝ። ሲቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልቀለደም።

ነገሩ የሆነው በኅዳር አንድ ዓርብ ነው። ማለዳ ጉሙ ኮረብታችን ላይ ተኝቶ አልነሣ አለ። እየጠበቅን ቆይተን ወደ ትልቁ መናኸሪያ ወጣን። እዚያ ስንደርስ የአውሮፕላኑ ፍሬን እንከን ተገኘበትና፣ “ወደ ሌላ ተዛወሩ” ተባልን። ሌላው ገና ከፖላንድ እየመጣ ነበር። ንፋስ በሚገርፈው አስፋልት ላይ፣ ባስ ውስጥ ቁጭ ብለን ጠበቅነው። ፊንታን ጭንቅላቱን መስታወቱ ላይ አስደግፎ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ እንቅልፍ ግን አልወሰደውም፤ ሽፋሽፍቱ ይርገበገብ ነበር። ከሰዓት በኋላ ላይ ወደ ካሪግሞር ተመለስን። ከዚያ ወደ ሊድስ ሄደን መመለስ ይቀረናል።

ካሪግሞር አርፈን ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ የአብራሪዎቹን በር ከፍቼ ገባሁ። ሌላ ጊዜ ፊንታን ቀበቶውን ፈትቶ፣ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ “ሻይ አለ ወይስ እናንተው ጨረሳችሁት?” ይለኝ ነበር። ያን ቀን ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ እንደታሠረ ተቀምጧል። ማንታስ በጎኑ መስኮት ወደ ውጭ ያያል።

“ምነው?” አልኩ።

“የመቆጣጠሪያ ማማው ጠርቶኝ አልሰማሁም” አለኝ ፊንታን። “ደግሞ ጠራኝ። እሱንም አልሰማሁም። ማንታስ ነው የመለሰላቸው።”

“ሬዲዮው ተበላሽቶ…”

“ሬዲዮው ደህና ነው፣ ግራንያ። ተኝቼ ነበር። ዓይኔ ተከፍቶ፣ መሪው እጄ ላይ ሆኖ፣ ተኝቼ ነበር። ማንታስ ትከሻዬን ሲመታኝ የማረፊያው ሜዳ ፊት ለፊቴ ነበር፤ ማን እንዳመጣው አላውቅም።”

ማንታስን አየሁት። ከመስኮቱ ዞር አላለም። “እኔም አምልጦኝ ነበር” አለ ቀስ ብሎ። “የመጀመሪያውን ጥሪ እኔም አልሰማሁትም።”

ከኋላችን የጽዳት ሰዎች የመጥረጊያቸው ድምፅ ይሰማል። ወንበሮቹ ላይ ሰው አለመኖሩን እያወቅሁ ዞሬ አየሁ።

“ሊድስ አልሄድም” አለ ፊንታን።

በጣቢያችን ሌላ ካፒቴን አልነበረም። ሁለቱ አውሮፕላኖች ገና ውጭ ናቸው፤ አብራሪዎቻቸውም እንደኛው የደቀቁ ናቸው። ስለዚህ ፊንታን ካልበረረ የሊድስ በረራ የለም ማለት ነው።

የጣቢያው ኃላፊ ማላኪ ቱሂ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደለጠፈ ደረጃውን እየሮጠ ወጣ። ማላኪ ክፉ ሰው አይደለም። ከላይ የሚጫኑትን ወደታች የሚያስተላልፍ ሰው ነው እንጂ።

“የሠራተኛ ምደባ ክፍሉ መስመር ላይ ነው” አለ። “የሥራ ሰዓታችሁ ሊያልፍ ነው፤ ግን ካፒቴኑ ከፈቀደ ማራዘም ይቻላል። ሕጉ ይፈቅዳል።”

“ካፒቴኑ ካልፈቀደስ?” አለ ፊንታን።

“ፊንታን፣ ሊድስ እኮ ነው! የጓሮ አጥር ዘለህ እንደመምጣት ነው።”

“ማላኪ፣ እኔ ዛሬ መኪናዬንም አልነዳም። ኢታ መጥታ እንድትወስደኝ ልደውልላት ነው።” ኢታ ሚስቱ ናት።

“ቡና ጠጣ። ፊትህን ታጠብ። ትንሽ እናቆይልህና…”

“ቡናውን ጠጥቻለሁ። ፊቴንም ታጥቤያለሁ። ስመጣ የተኛሁት ከዚያ በኋላ ነው።”

ማላኪ ስልኩን በመዳፉ ሸፈነ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። “ይህ ጣቢያ በክር እንደተንጠለጠለ ታውቃለህ። አለቆቹ ሰበብ ነው የሚፈልጉት። ዛሬ ሰበቡን ሰጠሃቸው ማለት ነው።”

“አውቃለሁ” አለ ፊንታን። ቀበቶውን ፈታ። ሲነሣ ግድግዳውን ይዞ ነው የተነሣው።

ወደ ቤቱ በኋላ በር ሹልክ ብሎ መሄድ ይችል ነበር። በረራ ሲሰረዝ የምናደርገው እሱን ነው፤ “በአሠራር ምክንያት” የሚል ማስታወቂያ ይነገራል፣ አብራሪውን ማንም አያየውም። ፊንታን ግን ቆቡን አድርጎ ወደ መሳፈሪያው በር ሄደ። ተከተልኩት።

ሰው ቀድሞውኑ ተሰልፎ ነበር፤ የእኛ ተሳፋሪ ወንበር ቁጥር እያለው እንኳ ቀድሞ ካልተሰለፈ ነፍሱ አይረጋም። ከሰልፉ ፊት ወይዘሮ አትራክታ ፊኒ ቆመዋል፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ከመንደሩ ወጣ ብሎ ባለ እርሻ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው። ለእሑድ ጸሎት የሚለብሱትን ካፖርት ለብሰዋል። ለምን እንደሚሄዱ አገር ያውቃል። ወንድማቸው ፓኪ በልጅነቱ ሊድስ ሄዶ ሕንፃ ሲገነባ ኖሮ፣ እዚያው አርጅቶ፣ እዚያው ሆስፒታል ተኝቷል። ጠዋት ነርሷ ደውላ፣ “ዛሬ ቢመጡ ጥሩ ነው” ብላቸዋለች። ነርስ እንዲህ ስትል ምን ማለት እንደሆነ ሁሉም ሰው ያውቃል።

ፊንታን ማይክራፎኑን በሩ ላይ ቲኬት ከምታየው ልጅ ተቀበለ።

“ፊንታን ገራቲ እባላለሁ፤ ካፒቴናችሁ ነኝ። አውሮፕላኑ ደህና ነው። አየሩም ደህና ነው። እኔ ነኝ ደህና ያልሆንኩት። ደክሞኛል፤ ለማብረር ብቁ አይደለሁም። በረራው ተሰርዟል። ይቅርታ አድርጉልኝ።”

ተሳፋሪዎቹ እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ሰምተው አያውቁም። ከዚያ ከብት ነጋዴው ሎርካን ሙልሮይ ከሰልፉ ጫፍ ጮኸ።

“ድሮም በረኛ ሳለህ እንቅልፍ ይጫጫንህ ነበር!”

ሳቅ ተነሣ፤ የሚያስደስት ሳቅ አልነበረም።

“ደክሞኛል ይላል እንዴ?” አለች ሕፃን የታቀፈች ሴት። “ሦስት ልጅ አለኝ። እኔ ሲደክመኝ ለማን ነው ማይክራፎን የምይዘው?”

“ሲከፈልህ አልደከመህም!”

“ተዉት፣ ትራስ አምጡለት!”

ፊንታን ግን አልሄደም። ማይክራፎኑን መልሶ እዚያው ቆመ። የመጣውን ሁሉ ቆሞ ተቀበለ። ሰዉ ሲደክመው አንድ በአንድ ወደ ትኬት መስኮቱ እየተጎተተ ሄደ። ወይዘሮ አትራክታ ግን ከቦታቸው አልተንቀሳቀሱም ነበር። ትንሿን ሻንጣቸውን እየጎተቱ መጡና ፊቱ ቆሙ።

“አንተ የሐኪሙ ልጅ ነህ፣ አይደለህም?”

“ነኝ፣ ወይዘሮ ፊኒ።”

“አባትህ በገና ዕለት፣ በረዶ እስከ ጉልበቱ እየደረሰ፣ ላሜን ሊያዋልድልኝ በእግሩ መጥቷል። ደክሞኛል አላለኝም።”

ፊንታን መሬት መሬት አየ። “ያደርጉት ነበር” አለ። “አውቃለሁ።”

“ወንድሜ ሊሞት ነው።”

“ሰምቻለሁ፣ ወይዘሮ ፊኒ። ግን ይዤዎት ብነሣና አንድ ነገር ብሳሳት፣ እርስዎም ሌላውም…”

“ስለሌላው አትንገረኝ!” ድምፃቸው ተሰነጠቀ። “ወንድሜ ሊሞት ነው አልኩህ እኮ።”

  በዚያ ሰዓት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ማን ልክ እንደሆነ እያወቅሁ እንኳ ከእሳቸው ጎን መቆም ነበር ያማረኝ። ሄጄ እጃቸውን ያዝኩ። እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ነበር።

ኢታ መኪናዋን ይዛ የመጣችው ያን ጊዜ ነው። ባሏን ልትወስድ ነበር የመጣችው። ፊንታን ወጥቶ በመኪናዋ መስኮት በኩል አንድ ነገር ነገራት፤ ከዚያ ተመልሶ የወይዘሮ አትራክታን ሻንጣ አነሣ።

“ከደብሊን ወደ ማንቸስተር የማታ በረራ አለ፤ የሌላ ድርጅት ነው። ኢታ ታደርስዎታለች። ግራንያ አሁኑኑ ቦታ ትይዝልዎታለች።”

“ደብሊን!” አሉ። “አገር አቋርጬ?”

“ሌላ መንገድ የለም።”

ሻንጣቸውን ከእጁ ነጠቁት። ራሳቸው ይዘው ወደ መኪናው ሄዱ፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡና በሩን በኃይል ዘጉት። ፊንታን ከኋላ ገባ። እኔ ስልኬ ላይ ቦታውን ስይዝ መኪናው ከአጥሩ ሲወጣ አየሁት። የፊንታን ጭንቅላት ገና ከመውጫው በር ሳይደርሱ ወደ ጎን ወድቆ ነበር።

ወይዘሮ አትራክታ ሊድስ ደረሱ። የደረሱት ግን ፓኪ ካረፈ በኋላ ነው። ሆስፒታል ሲገቡ የአልጋው አንሶላ ተቀይሮ፣ መስኮቱ ተከፍቶ ነበር አሉ። ነርሷ ሻይ ሰጠቻቸው። ከመሞቱ በፊት ስለ እሳቸው መጠየቁን ነገረቻቸው፤ ማጽናኛ መስሏት ነው።

ወሬው ወደ ካሪግሞር ከሬሳው ቀድሞ ደረሰ። ፓኪን ሊቀብሩት ወደ አገሩ ሲያመጡት ፊንታን ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ከኋላ ቆሞ ነበር። ማንም አላነጋገረውም፤ ማንም ውጣ አላለውም። ወይዘሮ አትራክታ በአጠገቡ ሲያልፉ አዩት፤ አልፈውት ሄዱ።

ድርጅቱ ፊንታንን አልቀጣውም። ሕጉ ከእሱ ጋር ነበር። ደብዳቤ ሳይሆን ዝምታ ነው የመጣው። ገና አልፎ አዲስ ዓመት ሲገባ ግን ዜናው ተነገረ፤ ሦስቱም አውሮፕላኖች በጸደይ ከካሪግሞር ይነሣሉ፣ በምሥራቅ አውሮፓ ወደሚከፈት አዲስ መናኸሪያ ይሄዳሉ። ሠራተኛው ወይ ወደ ሌላ ጣቢያ ይዛወራል፣ ወይ ይሰናበታል። ይህ ውሳኔ ድንገት የመጣ አልነበረም። ለአዲሱ መናኸሪያ አስተናጋጅ መቅጠር የጀመሩት በበጋ፣ ፊንታን አልበርም ከማለቱ ወራት ቀድሞ ነው፤ ከመካከላችን ሁለት ሴቶች ሊያሠለጥኗቸው ሄደው ነበር። ይህንን ብናገር ብናገር የሚሰማኝ አጣሁ። ሰው ሲያዝን ሩቅ ያለ ጠላት አይጠቅመውም፤ በእጁ የሚደርስበትን ነው የሚፈልገው። ፊንታን ደግሞ ቅርብ ነበር። ዳቦ የሚገዛው ከእኛው ሱቅ ነው።

“ደህና ተኛ፣ ካፒቴን” ይሉት ጀመር በጠራራ ፀሐይ። ባለ ነዳጅ ማደያው ሲያየው ያዛጋል። አንድ ጠዋት መኪናው ላይ የሕፃን ትራስ ተቀምጦ አገኘ። ይዞት ገባ፤ ኢታ ልትጥለው ስትል፣ “ደህና ትራስ ነው፣ ምን አደረገሽ?” ብሎ ለውሻው አነጠፈለት። ስትነግረኝ ሳቅን፤ ከዚያ እሷ ማልቀስ ጀመረች። እነዚያን ሳምንታት ሥራ በሌለው ቀን ሁሉ ይተኛ ነበር አለችኝ። ተነሥቶ ይበላል፣ ተመልሶ ይተኛል፤ ሲነሣ ግን ያልተኛ ሰው ይመስላል።

የካቲት ላይ በደብሩ አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ፤ ጣቢያውን እንዴት እናድን የሚል። መድረኩ ላይ ቄሱ፣ የምክር ቤት አባሏና ማላኪ ተቀምጠዋል። ፊንታንና ኢታ መሀል ላይ ነበሩ፤ በሁለቱም ጎን ወንበሩ ባዶ ነው። እኔ ሄጄ በአንዱ ተቀመጥኩ። ብዙ ተወራ። ከዚያ ሎርካን ሙልሮይ ተነሣ።

“ስንሸፋፍን ልንውል ነው?” አለ። “ይህን ጣቢያ ማን እንዳዘጋው ሁላችንም እናውቃለን። አንድ ሰው እንቅልፌ መጣ ስላለ አገር ሙሉ ሥራ ፈታ! ልጄ እዚያ ሻንጣ ጫኝ ነው። ነገ ምን ይብላ?”

ጭብጨባ ሆነ። ብዙም ባይሆን ጭብጨባ ነበር። ፊንታን ሊነሣ ሲል ኢታ ክንዱን ያዘችው።

ከበሩ በኩል፣ “ሎርካን፣ ቁጭ በል” የሚል ድምፅ መጣ። ወይዘሮ አትራክታ ነበሩ። ዘግይተው ገብተው ቆመው ነበር።

“ወይዘሮ ፊኒ፣ እርስዎ ከማንም በላይ…”

“ከማንም በላይ የተጎዳሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ቁጭ በል።” ሎርካን ቁጭ አለ። “ያን ቀን እስከ ደብሊን ድረስ ከዚህ ሰው ጋር በአንድ መኪና ሄጃለሁ። እየተሳደብኩ ነው የሄድኩት። ከኢታ ሌላ የሰማኝ ግን አልነበረም፤ እሱ ከኋላ ተኝቷል። መንገድ ላይ በጎች ድንገት ገቡብን። ኢታ ፍሬን ስትይዝ ሻንጣዬ ወደፊት ተወርውሮ መስታወቱን መታው፣ እኔ እመቤቴን ጠራሁ፣ ከኋላ ያለ መኪና ክላክሱን አስጮኸ። ዞሬ አየሁት። አልነቃም። አፉ ተከፍቶ፣ ምራቁ ካፖርቱ ላይ እየፈሰሰ፣ እንደ ሬሳ ነው። በጎቹን አባርረን ሄድን፤ እሱ እስካሁን በግ መኖሩን አያውቅም።”

አንዱ ከኋላ ሳቀ፤ ዝም በል ተባለ።

“አየሁትና፣ ይህ ሰው ሦስት ሺህ ጫማ ከፍታ ላይ ቢሆን ኖሮ አልኩ። ሌላ የምለው የለኝም። የሰማሁትን አይደለም የነገርኳችሁ፤ ያየሁትን ነው። አሁን ስለ ጣቢያው ተነጋገሩ።”

ስለ ጣቢያው ተነጋገርን። ምንም አልመጣም።

ስንወጣ ዝናብ ነበር። ፊንታን በበረንዳው ጥግ ጠበቃቸው። ቆቡን አውልቆ ነበር።

“አመሰግናለሁ፣ ወይዘሮ ፊኒ።”

“አታመስግነኝ” አሉት። “ልክ ነበርክ። ወንድሜ ደግሞ እኔን እየጠራ ሞቷል። ሁለቱን አንድ ላይ መያዝ አልቻልኩበትም። አንተን ባየሁ ቁጥር እሱን ነው የማየው። ስለዚህ ስታየኝ መንገድ ቀይርልኝ።”

“እሺ” አለ ፊንታን። “እቀይራለሁ።”

ቀየረም። ከዚያ በኋላ ሱቅ ውስጥ ካሉ እሱ ውጭ ይቆማል፤ ዝናብም ቢሆን ይቆማል።

አውሮፕላኖቹ በጸደይ አንድ በአንድ ሄዱ። የመጨረሻውን ባዶውን ወደ ትልቁ መናኸሪያ ያደረሰው ፊንታን ነው። እኔም ወደዚያው ተዛውሬ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። ሰው የሌለበት አውሮፕላን ውስጥ መሄድ ያስፈራል፤ ወንበሮቹ ሁሉ ወደ አንቺ የሚያዩ ይመስላሉ። አጥሩ ሥር ጥቂት ሰዎች ቆመው ነበር፤ እጁን ያወዛወዘ አንድም የለም። ስንደርስ ቢጫ ጭራ በበዛበት ማሳ ጫፍ ላይ አቆምነው። ቀለም ቀቢዎቹ ጭራው ላይ ያለውን ፊደል ሊቀይሩት መሰላሉን ይዘው እየጠበቁ ነበር። ፊንታን ወረቀቱን ፈርሞ ሰጠ፤ ለእኔና ለማንታስ እጁን ዘረጋ፤ ከዚያ በባቡርና በመርከብ ወደ ቤቱ ተመለሰ። አሁን በአባቱ መሬት ላይ ጥቂት ወይፈኖች ያደልባል። አውሮፕላን ሲያልፍ ቀና ብሎ አያይም ይላሉ። ውሸት ነው፤ ሁሉም ሰው ቀና ይላል።

እኔ እስካሁን በመናኸሪያው አጠገብ ከሌሎች ሴቶች ጋር ቤት ተከራይቼ እኖራለሁ። አንዷ ስትገባ ሌላዋ ትወጣለች፤ ከአንደኛዋ ጋር ተያይተን አናውቅም፤ ሻምፖዋን ብቻ ነው የማውቀው። እረፍት ሳገኝ ወደ ካሪግሞር እሄዳለሁ። ድሮ አንድ መጽሔት አገላብጠሽ ሳትጨርሺ የምትደርሺበት አገር አሁን አውቶቡስ፣ መርከብና ባቡር ነው።

ባለፈው መስከረም ከቤት ስመለስ፣ መርከቡ ላይ ወይዘሮ አትራክታን አገኘኋቸው። ብቻቸውን ናቸው። ፓኪ በሕይወት ሳለ የኖረባትን ክፍል ዕቃ ሊያነሡ ሊድስ እየሄዱ ነበር፤ አከራዩ እስከዚያ ድረስ ታግሷቸዋል። ባሕሩ ይናወጥ ነበር። “ይህን መርከብ የሠራው ሰው ባልዲ ነው የሚያውቀው” አሉኝ። የካም ሳንድዊቻቸውን ለሁለት ከፍለው ትልቁን ለእኔ ሰጡኝ። ስለ ከብቶቻቸው፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ አዲሱ ቄስ ረዥም ስብከት አወሩኝ። ስለ ፊንታን አልጠየቁኝም፤ እኔም አላነሣሁም።

ከመርከብ ወርደን አንድ ባቡር ተሳፈርን። ዌልስን በባሕሩ ዳር ዳር ስናልፍ ወሬያቸው እየቀዘቀዘ ሄደ፤ ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ቀላል ነበሩ፤ እንደ ወፍ። እኔ ቼስተር ላይ ወርጄ ወደ ደቡብ የሚሄደውን መያዝ ነበረብኝ፤ በማግስቱ የማለዳ ሥራ አለኝ። እሳቸው ደግሞ እስከ ማንቸስተር ሄደው ነው የሚቀይሩት። ቼስተር ስንደርስ በሩ ተከፈተ። ሰው ወጣ፣ ሰው ገባ። ትከሻዬን ባንቀሳቅስ ይነቃሉ። በሩ ተዘጋ።

ማንቸስተር ላይ ነቁ። ክንዴ ደንዝዞ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

“ደረስን?” አሉ ካፖርታቸውን እያስተካከሉ።

“ደርሰናል።”

“አንቺስ የት ነበር የምትወርጂው?”

“እዚሁ ነው” አልኳቸው።

ቀና ብለው ፊቴን አዩኝ፣ የጣቢያውን ስም አዩ፣ እንደገና እኔን አዩ።  ሻንጣቸውን አስያዙኝና፣ በሌላው ክንዴ ላይ ተደግፈው፣ የሊድስ ባቡር ከየትኛው መስመር እንደሚነሣ ልንጠይቅ ሄድን።